ላቲን የሚባለው ሰው የት እንደሚኖር ለጠየቁኝ ጓድ ሊቀመንበር

ነፋስ ስልክ፣ ቅዳሜ ግንቦት 19 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ ግዛው ወጋየሁ
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
(የቀበሌውን ቁጥር ያልጻፍኩት ለአብዮታዊ ጥንቃቄ ስል ነው።)

ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ስብሰባ ሲረዝም የሚነሳብዎ የጨጓራ ሕመም ተሻለዎ? ባለቤትዎና ልጆችዎ ደህና ናቸው? እኔ እስከዚህች ሰዓት ድረስ ደህና ነኝ። በቀድሞው ልማዴ ቢሆን «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ እቀጥል ነበር፤ አሁን ግን ሰው ውሎ በመግባቱ ማን መመስገን እንዳለበት መመሪያ ስላልደረሰኝ፣ ለጊዜው እርስዎን አመስግኜ ወደ ጉዳዬ አልፋለሁ።

እርስዎ በሚገባ ያውቁኛል። ነገር ግን ይህ ደብዳቤ የሚለጠፈው በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለሆነ፣ ለስኳርና ለሳሙና የተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ ወረፋው እስኪደርሰው ያነበዋልና ራሴን ላስተዋውቅ። ላቀው እንግዳ እባላለሁ። ከሥራ ለሚወጡ ሰዎች በየዕለቱ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እንግሊዝኛ ሳስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለፈው ረቡዕ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ደረሰኝ፤ «ጥፋቱን ዘርዝሮ፣ ራሱን በራሱ ወቅሶ፣ ግለ ሂሱን እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት በሰሌዳ ላይ እንዲለጥፍ» ይላል። ሌላው ሰው በሹክሹክታ እንኳ የማይለውን ነገር እኔ በአደባባይ እንድለጥፍ በማኅተም ስለፈቀዱልኝ፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ታዛዥ ሰው ነኝና ይኸው በተራ ቁጥር አቅርቤያለሁ።

አንደኛ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ጥፋቴን ከሥሩ ልጀምር። በሚያዝያ ወር አጋማሽ፣ ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር የሚመጡ እንግዶች ቀበሌያችንን ይጎበኛሉ ተብሎ፣ እርስዎ ራስዎ ወደ ክፍሌ ብቅ ብለው ተማሪዎቼ እንግዶቹን በእንግሊዝኛ «ጓድ» እያሉ እንዲቀበሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዳሠለጥናቸው አዘዙኝ። ያዘዙኝ ቃል «ኮምሬድ» የሚለው ነው። እንግዶቹ እስከ ዛሬ ድረስ አልመጡም። ቃሉን ግን እኔ በትእዛዝዎ መሠረት አስተማርኩ።

እኔ ደግሞ አንድ ክፉ አመል አለብኝ፤ ቃልን ያለ ዘሩ ማስተማር አይሆንልኝም። ቃል አባት አለው፣ አያት አለው፣ የመጣበት አገር አለው እያልኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኖሬያለሁ። ስለዚህ እንደ ልማዴ በጥቁር ሰሌዳው አናት ላይ አንድ ክብ ሣልኩና ውስጡ «ኮምሬድ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ መስመር አውርጄ ሌላ ክብ፣ «ካማራድ፣ ፈረንሳይ»። ከዚያ በታች «ካማራዳ፣ እስፓኝ»። ከዚያ በታች «ካሜራ፣ ላቲን»። ከሁሉ በታች «ካማራ፣ ግሪክ»። ከዚያም ማስረዳት ጀመርኩ። ግሪኮች ጣሪያው ጎበጥ ብሎ የተሠራውን ቤት ካማራ ይሉት ነበር፤ ላቲኖች ቃሉን ወስደው እያደር የክፍል ስም አደረጉት፤ እስፓኞች ደግሞ በአንድ ክፍል የሚያድሩትን ወታደሮች ካማራዳ አሏቸው፤ ፈረንሳይ ከእስፓኝ ተዋሰ፣ እንግሊዝ ከፈረንሳይ። እንግዲህ ኮምሬድ ማለት ከሥሩ ሲቆፈር ከሌላው ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ የሚያድር ሰው ማለት ነው አልኳቸው። ፎቶግራፍ የሚያነሳው ካሜራም የዚሁ ቤት ዘመድ ነው ብዬ፣ ከላቲን ጎን በትንሽ ክብ አስቀመጥኩት። ማን አስቀምጥ አለኝ? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው እኮ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ነው።

ሁለተኛ።

ሠላሳ አንድ ተማሪዎች ሥዕሉን በየደብተራቸው ገለበጡ። ከነዚህ አንዷ ደራርቱ ቀጄላ ናት። ለማያውቋት፣ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ስትሆን ጆንያ ፋብሪካ ትሠራለች፤ አባቷ ኦቦ ቀጄላ ዳባ በለቡ በኩል በሬ ጠምደው የሚያርሱ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ከተማ ወተት የሚያመጡ ገበሬ ናቸው፤ እናቷ በሕይወት የሉም። እንግሊዝኛ የጀመረችው ለሹመት ብላ አይደለም። በምትሠራበት ማሽን ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነገር ነበረ፤ የሚያነብላቸው ሰው ጠፍቶ አጠገቧ የምትሠራዋን ልጅ ሁለት ጣት ማሽኑ በላው። ደራርቱ ፊደሎቹን እንደ ሥዕል እያየች በወረቀት ገልብጣ ይዛልኝ መጣችና «ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ያስተምሩኝ» አለችኝ። ማሽኑ ሲዞር እጅ አታስገቡ ነበር የሚለው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልቀረችብኝም።

ግንቦት 3 ቀን ሐሙስ፣ በፋብሪካው በር ላይ በተደረገው ፍተሻ ደብተሯ ከቦርሳዋ ተገኘ። የአብዮት ጥበቃ ኃላፊያችን ጓድ ዳኜ ክቦቹንና መስመሮቹን ተመልክተው የድብቅ ድርጅት የህዋስ መዋቅር መሆኑን ወዲያው ደረሱበት፤ ደራርቱም ታሰረች። ከግሪክ እስከ እንግሊዝ ያለውን አውሮፓ በሙሉ በአንድ ጀንበር፣ በአንዲት ሉክ ወረቀት ላይ በቁጥጥር ሥር ያዋለ ሌላ ኃላፊ በዓለም ላይ አለ ብዬ አላምንም፤ ምስጋና ይድረሳቸው። በማግሥቱ እኔም ተጠርቼ ሁለት ቀን ተጠየቅሁ። ፈረንሳይ ማን ነው? እስፓኝ ትእዛዝ የሚቀበለው ከማን ነው? መጨረሻ ላይ እርስዎ ራስዎ ገብተው ላቲን የሚባለው ሰው የት እንደሚኖር ጠየቁኝ። እኔም ሞኙ እውነቱን ተናገርኩ፤ «ላቲን የሞተ ነው» አልኩ። ጸሐፊው ጻፈው። ከዚያማ ማን እንደገደለው፣ መቼ እንደገደለው፣ አስከሬኑ የት እንደወደቀ እስከ ማታ ተጠየቅሁ። ቋንቋ ነው፣ ከሞተም ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል ብል ማን ይስማኝ!

በግሪክ በኩል ግን ሥራው ቀላል ነበር። ብስራተ ገብርኤል አጠገብ ትንሽ ጋራዥ የነበራቸው አንድ ሽማግሌ ግሪካዊ ሰው ለሁለት ቀን ተይዘው፣ ከሥዕሉ ግርጌ የተቀመጡት እሳቸው መሆን አለመሆናቸውን ሲጠየቁ ሰነበቱ። ሰውየው ሲፈቱ ጋራዡን ለሠራተኛቸው ትተው አገር ለቀው ሄዱ አሉ። ካሜራውን ፍለጋ ደግሞ ሰባት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ለቡ ድረስ ወርደው የኦቦ ቀጄላን ጎተራ ገለበጡት፤ ለክረምት የተቀመጠው ጤፍ ከአፈር ጋር ተደባለቀ። ካሜራ አልተገኘም። የተገኘው ለፋብሪካው መታወቂያ የተነሳችው ጉርድ ፎቶግራፍ ነው፤ እሱም በማስረጃነት ተወሰደ። አባትየው ሌላ ፎቶግራፍ ስለሌላቸው ቢመለስልኝ ይላሉ።

ሦስተኛ።

ተማሪዎቼ በእያንዳንዱ ቃል አንዳንድ ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩ አዛለሁ። ደራርቱ የሠራችው «ላሟና ጥጃዋ ኮምሬድ ናቸው፤ ምክንያቱም በአንድ ቤት ያድራሉ» የሚል ነበር። አሥር ከአሥር ሰጠኋት። አሁንም ብጠየቅ አሥር ከአሥር ነው የምሰጣት። ክሱ ግን ጓዶችን ከከብት አመሳስላለች የሚል ሆነ፤ ጥጃዋ በትክክል ማን እንደሆነች እንድትናገርም ተጠየቀች።

በጓድ ዳኜ አልፈርድም። ከብት በሌለበት ቤት አድገው ሊሆን ይችላል። ለቡ ላይ ግን በክረምት ጥጃ ከሰው ጋር ነው የሚያድረው፤ ልጅ እያለች እሳቱ ዳር ጥጃ ታቅፋ ያደገች ሴት፣ አብሮ ማደር ለሚለው ነገር ከዚያ የሚበልጥ የፍቅር ምሳሌ ከየት ታምጣ? ጓድ ዳኜን በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አላየቻቸውም፤ ያየችው የአባቷን ቤት ነው። በሌላ በኩል ግን ቀበሌያችን ቃሉን በተግባር ለማስተማር ያደረገውን ጥረት ሳላመሰግን ባልፍ ንፉግ እባላለሁ። ከቀድሞው ባለ ቪላ በተወረሰው ግቢ ውስጥ፣ ለአንዲት ፊያት በተሠራው ጋራዥ አሥራ ሰባት ወንዶች፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ዘጠኝ ሴቶች አብረው እንዲያድሩ ተደርጓል። የኔ ጥቁር ሰሌዳ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላስረዳውን ያ የልብስ ማጠቢያ ክፍል በአሥራ ስድስት ቀን አስረድቷል። እጅ ነስቻለሁ።

አራተኛ።

ይህኛውን የምጽፈው በፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ተናድጃለሁ። የተማሪዎቼን አሮጌ ደብተር አልጥልም። ሚስቴ አይጥ ጠራህብን እያለች ስትጨቀጭቀኝ ኖራለች፤ እኔ ግን አልጥልም። በዚህ ሳምንት ቁጭ ብዬ ስገላብጥ፣ የ1965 ዓ.ም. የሆነ አረንጓዴ ልባድ ያለው ደብተር አገኘሁ። በላዩ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ግዛው ወጋየሁ» ይላል። ያኔ እርስዎ ልብስ ስፌት ቤት ይሠሩ ነበር፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ከእኔ ዘንድ ተማሩ፤ ጎበዝ ተማሪ ነበሩ፤ ይህን መካድ አልችልም። በዚያ ደብተር ውስጥ አንድ ገጽ አለ። አናቱ ላይ ክብ፤ በክቡ ውስጥ «ካንዲዴት»። ዕጩ ማለት ነው። ከሥሩ መስመር፤ ከመስመሩ ሥር ሌላ ክብ፤ በክቡ ውስጥ በራስዎ እጅ የተጻፈ «ላቲን» የሚል ቃል። ከጎኑ ማብራሪያ ጽፈዋል፤ በጥንት ሮማ ሹመት የሚፈልግ ሰው ንጹሕ መስሎ ለመታየት ልብሱን በኖራ አንጥቶ በሕዝብ ፊት ይመላለስ ነበርና፣ ቃሉ የመጣው ነጭ ከሚለው ነው ይላል። ዘጠኝ ከአሥር ሰጥቼዎታለሁ። አንዷን የቀነስኩት መስመሮቹን በማስመሪያ ስላልሠሩ ነው።

እንግዲህ ጓድ ዳኜ ባያውቁ ይቅር ይባላሉ። እርስዎ ግን ያውቃሉ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ላቲን ሰው አለመሆኑን ያውቃሉ። ክቡና መስመሩ የህዋስ ሥዕል ሳይሆን የቃል የዘር ሐረግ መሆኑን፣ የተማረውም የሣለውም እጅዎ ያውቃል። እኔ ፊት ቆመው ላቲን የት ይኖራል ሲሉኝ ዓይንዎን ወደ መስኮቱ ያዞሩት ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ደብተሩን ካየሁ በኋላ ገባኝ። «ይህ የጋሼ ላቀው የቃል ትምህርት ነው፤ እኔም ተምሬዋለሁ» ቢሉ ነገሩ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ግን ያን ቢሉ እርስዎም በክቦቹ ውስጥ መቆጠርዎ ነው። ስለዚህ ዝም አሉ። ክቡን የሣልኩት እኔ፣ ቃሉን ያዘዙት እርስዎ፣ የታሰረችው ደራርቱ፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ አይደለም? ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ደብተሩን ለማስፈራሪያ አልያዝኩትም፤ በእኔ ዕድሜና በእርስዎ ሥልጣን መካከል ማስፈራራት የማን ድርሻ እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ነገ ይዤው መጥቼ በእጅዎ አስረክብዎታለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አምስተኛ ብዬ ቁጥር ልሰጠው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ኦቦ ቀጄላ ልጃቸው ከታሰረች ጀምሮ በየቀኑ ከለቡ በእግራቸው ስንቅ ሲያመላልሱ ነበር። ጭኮ ያመጣሉ፣ ወተት በጣሳ ያመጣሉ፤ ዘበኛው ቀምሶ ያስገባዋል። ከደቂቃዎች በኋላ ባዶው ዕቃ ከነተጠቀለለበት ጨርቅ ይመለሳል። ጨርቁ ሁልጊዜ ከአራት ታጥፎ፣ ጠርዙ ከጠርዙ ተገጥሞ ነበር የሚወጣው። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ስታጥፍ የምትውል ስለሆነች እጇ ያንን ለምዷል፤ አባትየውም ጨርቁን እያዩ «ደህና ናት» ይሉኝ ነበር። እስከ ረቡዕ እንዲህ ነበር። ሐሙስ ዕለት ጨርቁ ተጨራምቶ፣ ምግቡ እንደተላከ ተመለሰ። አርብ፣ ማለትም ትናንት፣ ዘበኛው ዕቃውን ሳይቀበል «አባባ፣ ከእንግዲህ ስንቅ አያምጡ፤ አያስፈልጋትም» አላቸው።

እናንተ ሰልፍ ላይ ሆናችሁ የምታነቡ ጎረቤቶቼ፣ እዚህ ላይ ዓይናችሁን ከሰሌዳው እንዳነሳችሁ አውቃለሁ። በእኛ ሠፈር ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቃል። ባለፈው የካቲት በዚያው በር ላይ ለሁለት እናቶች ተነግሯል፤ ሁለቱም እዚያው ተቀመጡ፤ እንዳይጮኹ ተነገራቸውና ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ወደየቤታቸው ሄዱ። ማን አይቶ ማን ረሳው?

ኦቦ ቀጄላ ግን የእኛ ሠፈር ሰው አይደሉም። እሳቸው የሚኖሩበት አገር ውስጥ ለእስረኛ ስንቅ አያስፈልግም ከተባለ እስረኛው ሊፈታ ነው ማለት ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ቤቴ እየሮጡ መጡ። ስልሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሰው እየሮጡ! ትከሻዬን ስመው «መምህር፣ ልጄ ልትወጣ ነው፤ ቤቷ ልትበላ ነው» አሉኝ። እያለቀሱ ይስቃሉ። እኔ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእንግሊዝኛን ቃል ከግሪክ ድረስ እየቆፈርኩ ስፈታ የኖርኩት ሰው፣ ያቺን አጭር የአማርኛ ዓረፍተ ነገር መፍታት አቃተኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ቃል «እሰይ» የሚል ነው። እሰይ አልኳቸው፣ ጓድ ሊቀመንበር! እሰይ ብዬ፣ እጃቸውን ጨብጬ፣ እስከ በር ሸኘኋቸው። እንግዲህ ያዘዙኝ ግለ ሂስ ይኸው ነው፤ ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ ቢፋቅ ግድ የለኝም፣ ይህን ግን ማንም እንዳይፍቅብኝ። ያንን እሰይ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃጥለኝ አደረ።

አባትየው ከእኔ እንደተለዩ ወደ ሥራቸው ነው የገቡት። ቤቱን አስለቅልቀዋል፣ ጎረቤት ጠርተዋል፣ የሟች እናቷን ልብስ ከሳጥን አውጥተው አሳጥበዋል። ነገ እሁድ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት በቅሎ እየጎተቱ በቀበሌው በር ይቆማሉ። አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ ተቀምጣ የከረመች ልጅ ለቡ ድረስ በእግሯ አትሄድም ብለው፣ በቅሎዋን ከዘመድ ተውሰዋል።

ስለዚህ ጓድ ሊቀመንበር፣ ልመናዬ አጭር ነው። ከእኛ ከከተሜዎቹ ትርጉምና ከኦቦ ቀጄላ ትርጉም የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚወስነው መዝገበ ቃላት በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። እስካሁን ያልተፈጸመ ነገር ከሆነ፣ በሚወዱት ነገር ሁሉ ይዤዎታለሁ፣ የእኛ ትርጉም ስሕተት ይሁን። ሐሰተኛ ያድርጉን። ሕዝቡ ሁሉ ቀበሌው እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው እያለ ሲያማው የነበረው ውሸት ይሁን፤ ለቡ ያለው ሽማግሌ ብቻ ልክ ይሁኑ። ማስረጃ ካነሰ፣ ሥዕሉን የሣለው፣ ቃሉን ያስተማረው፣ ፈረንሳይንም እስፓኝንም ላቲንንም ግሪክንም በአንድ ሰሌዳ ያገናኘው ላቀው እንግዳ መሆኑን በዚህ ደብዳቤ አረጋግጣለሁ። ከአባትየው ጋር ብርድ ልብሴን ይዤ እመጣለሁ፤ ለእሷ የተመደበውን ቦታ ለእኔ ይስጡኝ።

የተፈጸመ ነገር ከሆነ ግን፣ አንድ ነገር ብቻ። ዘበኛውን አይላኩባቸው፤ ጓድ ዳኜንም አይላኩባቸው፤ በወረቀትም አይሁን፣ ሰውየው አያነቡም። እርስዎ ራስዎ በሩ ላይ ይውጡና፣ በቅሎዋ አጠገብ ቆመው፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ለኦቦ ቀጄላ ይተርጉሙላቸው። አማርኛው ቢከብድዎ የገበያ ኦሮምኛ እንደሚያውቁ አውቃለሁ። እኔ ሞክሬ አቅቶኛል፤ እርስዎ ግን ከተማሪዎቼ ሁሉ ጎበዙ ነበሩ።

የቀበሌያችንን ሰላም በዝምታችን የምናስከብር ነዋሪዎች ሁሉ ለእርስዎ ያለንን ከፍተኛ አክብሮት፣ ከአክብሮቱም ከፍ ያለውን ፍርሃታችንን እየገለጽኩ፤ ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ጨጓራዎ እንዲሽር፣ እንቅልፍዎም ከእኔ እንቅልፍ የተሻለ እንዲሆን እየተመኘሁ፤ በታዘዝኩት ቀንና ሰዓት፣ በታዘዝኩት ሰሌዳ ላይ፣ በገዛ እጄ ለጠፍኩት።

ላቲንን ያልገደለው፣ ግን የሚጠረጠረው
የቀድሞ መምህርዎ
ላቀው እንግዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኦቦ ቀጄላ መልእክት አስይዘውኛል። ልጄን የፈታልኝን ሰው ባዶ እጄን አላገኘውም ብለው አንድ ሙክትና አንድ ቅል ቅቤ ለእርስዎ ለጓድ ሊቀመንበር ይዘው ይመጣሉ። አያስፈልግም ብዬ ብከራከር «ውለታ የዋለ ሰው ዝም አይባልም» ብለው ተቆጡኝ። ሽማግሌ ያመጣውን ስጦታ በሁለት እጅ እንጂ በአንድ እጅ መቀበል ስለማይገባ፣ ነገ በሦስት ሰዓት እጅዎ ባዶ እንዲሆን አደራ።